ሐዋሳን በሁለት ጎማና በአንድ ጀልባ

በየቤተ ክርስቲያናችን ሐዋሳን ያልረገጠ ምእመን ብዙ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ለኮንፈረንስ፣ ሌላው ለአገልጋዮች ሥልጠና፣ ሌላው ለዘመድ ሠርግ ወርዷል። አዲስ ተጋቢዎችም ለጫጉላ ሽርሽራቸው ይመርጧታል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን እንደርስና የምናውቀው ሦስት ቦታ ብቻ ይሆናል፦ የተሰበሰብንበትን አዳራሽ፣ ያደርንበትን ክፍልና ዓሣ የበላንበትን ጠረጴዛ። ሐይቁን ከኋላችን አድርገን ፎቶ እንነሣለን፤ መኪና ውስጥ እንገባለን፤ ቤታችን ስንደርስም "ሐዋሳን አየናት" እንላለን። ግን በእርግጥ አይተናታል?

በዚህ ጽሑፍ ለጥንዶች አንድ ምክር አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ ከፕሮግራሙ ላይ አንድ ቀን ጨምሩ። መኪናውን አቁሙት፣ ሁለት ብስክሌት ተከራዩ፣ ቀጥሎም አንድ ጀልባ ያዙ። ወጪው ለብዙ ቤተሰብ የሚከብድ አይደለም፤ ትርፉ ግን ከመዝናናት ያለፈ መሆኑን እኔና ባለቤቴ አይተነዋል።

ለብስክሌት የተመቸች ከተማ

ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዳሬ ይባል በነበረው የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች፤ በኋላ መዲናነቱን ሐዋሳ ተረከበች። ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆና ቆይታ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተካሄደውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ በተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞችም የታወቀች ናት፤ የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን በ1950ዎቹ በዚህች ከተማ ያዘጋጃቸው የነበሩት የክረምት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቶች ከየአቅጣጫው ወጣቶችን ይሰበስቡ ነበር።

ከተማዋ ገና ከጅምሩ በፕላን ስለ ተሠራች ጎዳናዎቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። መሬቱ ደግሞ ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ይሞቃል፣ ትንፋሽም አያሳጥርም። እንጦጦን ወይም የጉለሌን ዳገት ለለመደ እግር የሐዋሳ መንገድ እንደ ዕረፍት ነው። ስለዚህ ብስክሌት፣ የከተማው ሰው እንደሚለው ሳይክል፣ በሐዋሳ የልጆች መጫወቻ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ተማሪው ደብተሩን ከኋላ አስሮ ይሄድበታል፤ አናጺው መጋዙን ይጭንበታል፤ አባት ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርስበታል።

ዛሬ ግን ጎዳናው እንደ ቀድሞው ባዶ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው፣ በኋላም ስሙ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አመጣ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ እጅግ ብዙ ወጣት ሠራተኞችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ወደ ከተማዋ ሳበ። ባጃጁ በዛ፤ መኪናው በዛ። በአገር ደረጃ በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ አንዳንድ ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነፃ መሆን ጀመሩ፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይም የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን የ10 ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ሐዋሳ ከጥንት ጀምሮ የያዘችውን ልማድ ሌሎች ከተሞች ዛሬ ሊማሩት ይፈልጋሉ ማለት ነው። ባለቤቱ ራሱ እንዳይጥለው ግን ያሳስባል።

ከገብርኤል እስከ አሞራ ገደል

በማለዳ ተነሡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይዋ አትፋጅም፣ መንገዱም ገና አልተጨናነቀም። ብስክሌት የሚያከራዩ ወጣቶች በየሰፈሩ ስላሉ ያረፋችሁበት ቤት ጠባቂ ያሳያችኋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ፍሬኑ ይይዛል? ጎማው በደንብ ተነፍቷል? ኮርቻው ለቁመታችሁ ተስተካክሏል? የሰዓቱን ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ። መታወቂያ በመያዣነት ሊጠየቅ ይችላልና ያዙ። ጎማ ቢፈነዳ አትደንግጡ፤ ጎሚስታ ከሩቅ አይጠፋም።

ጉዞውን ከመሀል ከተማ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና በዛፎች የታጀበ ነው። ሳትቸኩሉ ብትነዱ ሐይቁ ከፊታችሁ ቀስ እያለ ይከፈታል። በመኪና ሲሆን ይህ ነገር ያመልጣል፤ "ደረስን" ሲባል ቀና ብለን ውኃውን እናያለን። በብስክሌት ግን አስቀድሞ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ የዓሣው ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ የወፎቹ ድምፅ ይሰማል፣ ውኃው የሚታየው ከሁሉ በኋላ ነው።

የመንገዱ መጨረሻ ፍቅር ሐይቅ ይባላል። ስሙን ማን እንዳወጣለት ባላውቅም ተስማምቶታል፤ ማታ ማታ ጥንዶችና ቤተሰቦች የሚንሸራሸሩበት ዳርቻ ነው። ከሐይቁ ጋር ተያይዞ የሚሄደው ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ግን ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ከልኩ በላይ ሞልቶ ወደ ከተማዋ በመጠጋቱ፣ ሰፈሮችን ከውኃ ለመከላከል የተሠራ ነው። ዛሬ የምንሄድበት ያ የጭንቅ ዘመን ሥራ ነው።

በዚሁ በሐይቁ አቅራቢያ ጉዱማሌ አለ። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን በአደባባይ የሚያከብርበት ሜዳ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዕለቱ የሚወሰነው በሽማግሌዎች የቀን አቆጣጠር ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዚያ ሰሞን፣ እንዲሁም በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓላት፣ ከተማዋ በእንግዳ ስለምትሞላ ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ።

ከዚያ ወደ አሞራ ገደል ንዱ። ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳደሩትን መረብ ሰብስበው ማለዳ የሚደርሱት እዚህ ነው። ወጣቶች በሚያስገርም ፍጥነት ቆሮሶውን ይገፋሉ፣ አምባዛውን ይበልታሉ። ከአጠገባቸው አባ ኮዳዎቹ፣ ራሰ መላጣ ሽማግሌ የሚመስሉት ረጃጅም ወፎች፣ የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ጦጣና ጉሬዛም ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላሉ፤ በእጃችሁ የያዛችሁትን ሙዝ ጠብቁ። ቁርሳችሁን የዓሣ ሾርባና ጥብስ ብታደርጉት አትጸጸቱም። ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉም አሉ፤ እኔ ግን በተለይ ነፍሰ ጡር እኅቶች የበሰለውን እንዲመርጡ እመክራለሁ።

ከአጠገቡ የቆመው ተራራ ታቦር ነው። አዎን፣ ከገሊላው ተራራ ጋር ስሙ አንድ ነው። ብስክሌቱን ከታች ለጠባቂ ሰጥታችሁ በእግር ውጡ፤ መንገዱ ልጆችም የሚወጡት ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ከተማው በአንድ ወገን፣ ሐይቁ በሌላ ወገን ተዘርግቶ ይታያል።

በዝግታ የሚነዳው ይምራ

እዚህ ላይ ስለ ጥንዶች አንድ ነገር ላንሣ። እኔና ባለቤቴ በብስክሌት በሄድንበት ቀን እርሱ እንደ ልማዱ ቀደመ። በልጅነቱ የነዳ ሰው ነው፤ እግሩ ያስታውሳል። እኔ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ። ሁለት መታጠፊያ ካለፈ በኋላ ዞር ሲል የለሁም። ቆሞ ጠበቀኝና "አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ሌላ ሆነ። ፍጥነታችን ቀነሰ፣ ወሬያችን ግን በዛ።

በትዳር ውስጥም እንዲሁ አይደለምን? በአገልግሎት፣ በትምህርት ወይም በሥራ አንደኛው ይፈጥናል፤ ሌላኛው ልጅ ታቅፎ ከኋላ ይከተላል። የቀደመው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ዞር ብሎ አላየም። ስለዚህ በብስክሌት ጉዞ ላይ ያለው ደንብ ለቤትም ይሠራል፦ በዝግታ የሚነዳው ከፊት ይሁን፣ ፈጣኑ ከኋላ ይጠብቀው። ትራፊክ በበዛበት መንገድ ግን ጎን ለጎን አትንዱ፤ ጨዋታው ፍቅር ሐይቅ ሲደረስ ይቀጥላል።

"እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም፤ ደግሞስ የአገልጋይ ሚስት በብስክሌት ትታያለች ወይ?" የምትሉ እኅቶች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አለመቻል ነውር አይደለም፤ አብዛኞቻችን ልጆች ሳለን ብስክሌቱ የሚሰጠው ለወንድሞቻችን ነበር። መንዳት ለመማር ግን ሜዳ ቦታ፣ የማይቸኩል ባልና ጥቂት ማለዳዎች ይበቃሉ። ሰፋ ያለ ጉርድ ወይም ሱሪ ልበሱ፤ ነጠላችሁ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ቋጠር አድርጉት። ስለ መታየቱም ቢሆን፣ በሐዋሳ መንገድ ላይ የምትነዳ ሴት ብርቅ አይደለችም። ፈጽሞ ለማይሆንላችሁ ደግሞ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ባጃጅ ያደርሳችኋል፤ የጀልባው ጉዞ ለሁላችንም እኩል ነው።

በውኃው ላይ

ጀልባ የሚይዙት ፍቅር ሐይቅ ወይም አሞራ ገደል ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በጣና ላይ እንደሚደረገው ያለ ረጅም የመርከብ ጉዞ ሐዋሳ ላይ የለም፤ ጀልባዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጉማሬ አይቶ ለመመለስም አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ግን ረዘም ላለ ጊዜ ተከራይታችሁ ዳርቻውን ብትዞሩ ይሻላል። ብስክሌቶቹን ከዳር ለሚጠብቅ ሰው አስረክቡ።

ጀልባ ላይ ስትወጡ ለሁላችሁም የሚበቃ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ስለሚያመጣ ጠዋት ይመረጣል። ጉማሬዎቹ ቀን ቀን ቄጤማው አጠገብ ጀርባቸውን ብቻ አሳይተው ይተኛሉ፤ ቀዛፊው ጠጋ ልበል ቢላችሁ እንኳ እናንተ በቃ በሉት። እግራችሁንም ውኃ ውስጥ አትንከሩ፤ ሐይቁ የብልሃርዝያ በሽታ ያለበት ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ዓሣ አጥማጁ በእንጨት ጀልባው መረቡን ይስባል፤ ንስሩ ከዛፍ ላይ ይጮኻል። የገሊላን ባሕር በመጽሐፍ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። የገሊላ ባሕር ርዝመቱ 21፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ 16 በ9 ገደማ ይሆናል። ባሕር እየተባለ የምናነበው ያ ውኃ ከዚህ ብዙም የማይበልጥ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በገሊላ ዳርቻ ጭቃ ውስጥ የተገኘው የ2,000 ዓመት ጀልባም ርዝመቱ ከ8 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በሐዋሳ ነፋስ ጀልባችሁ ሲናወጥ የእነዚያ ዓሣ አጥማጆች ፍርሃት ይገባችኋል።

መውጫ የሌለው ሐይቅ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። የሐዋሳ ሐይቅ ከምሥራቅ በኩል በጥቁር ውኃ ወንዝ ይመገባል፤ ሌላ ጎርፍም ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በተለምዶ ጨው ያጠራቅማል። የገሊላ ባሕር በዮርዳኖስ በኩል ስለሚፈስ ጣፋጭ ነው፤ ዮርዳኖስ የሚገባበትና መውጫ የሌለው ሙት ባሕር ግን ዓሣ አያኖርም። በአገራችንም ከሐዋሳ ብዙ የማይርቁት ሻላና አብያታ መውጫ የላቸውም፣ ውኃቸውም አይጠጣም።

ሐዋሳ ግን መውጫ ሳይኖረው ውኃው ጨው አልሆነም፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ይኖሩበታል። ለምን? ሐይቁ የተኛው በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ በባለሙያዎች ማብራሪያ ውኃው በተሰነጣጠቀው ዐለት አልፎ ከመሬት በታች በዝግታ ይወጣል። ከላይ የማይታይ፣ የማይሰማ መውጫ አለው ማለት ነው። ሐይቁን በሕይወት ያኖረው እርሱ ነው።

ይህ የተሰወረ መውጫ ግን ሁሉን አያወጣም። ጨውን ቀስ ብሎ ያስወግዳል እንጂ ፌስታልን፣ የውኃ ጠርሙስን፣ ከተራቆተ ኮረብታ የሚታጠበውን ደለልና ሳይጣራ የሚለቀቀውን ፍሳሽ አያሳልፍም። እነዚህ የገቡበት ይቀራሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲሠራ ፍሳሹን መልሶ እያጣራ የሚጠቀምበት ሥርዓት የተተከለለት በዚህ ምክንያት ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብም ያልደረሰውን ዓሣ ሳይወልድ ያወጣዋል። ጠዋት አሞራ ገደል ላይ ቢላ ይዞ ያየነው ወጣት እንጀራው ያለው በዚህ ውኃ ውስጥ ነው። እኛ እንግዶች በኮንፈረንስ ሰሞን በሺህ ሆነን ወርደን ጠርሙሳችንን በዳርቻው ትተን ከተመለስን፣ በዝማሬ የገባንባትን ከተማ በቆሻሻ ተሰናበትናት ማለት ነው። የምትጠጡትን ውኃ በራሳችሁ ኮዳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶውን ፌስታል በብስክሌቱ ላይ አስራችሁ መልሱት።

ይህ የሐይቁ ነገር በጋብቻ ምክር ላይ ከምንሰማቸው ታሪኮች ጋር ይመሳሰልብኛል። ወደ እያንዳንዱ ቤት በየቀኑ የሚገባ አለ፦ የቤት ኪራይ ጭንቀት፣ የዘመድ ጣጣ፣ በችኮላ የወጣ ቃል። መውጫ ከሌለው ይከማቻል፤ ከዓመታት በኋላ "ቤታችን ለምን መረረ?" ይባላል። መውጫው ግን ጎረቤት የሚሰማው ጩኸት መሆን የለበትም። ከልጆች መተኛት በኋላ የሚደረግ ጭውውት፣ አብሮ መጸለይ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ፤ ሰው የማያያቸው እነዚህ መውጫዎች ቤትን ያጣፍጣሉ። ሆኖም ሁሉን እናሳልፋለን ብለን የፈለግነውን አንጨምርበት። ስድብና ንቀት እንደ ፌስታሉ ናቸው፤ አንዴ ከገቡ ለማውጣት ያስቸግራሉ። አስቀድሞ አለመጣል ይሻላል።

ስለዚህ ታቦር ላይ ወጥታችሁ ስታርፉ፣ ወይም ጀልባው ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ ዝም ሲል፣ ሁለት ጥያቄ ተጠያየቁ። "በዚህ ዓመት ከአንተ ወይም ከአንቺ ወደ ኋላ የቀረሁት የት ላይ ነው?" "ሳልነግርህ ወይም ሳልነግርሽ ያጠራቀምኩት ምን አለ?" አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። መልሱ ቢከብድ እንኳ በዚያ ሰዓት ስልክ አይጠራም፣ እንግዳ አይገባም፣ ልጅ አያለቅስም። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያጣነው ይህንኑ ሰዓት ነው።

ወሩን ስትመርጡ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመቻል፤ ክረምቱ ላይ ዝናቡ መንገዱን ያጨቀየዋል። ባርኔጣ አትርሱ፤ ማታ ለወባ ትንኝ እጅጌ ያለው ልብስ ይኑራችሁ። ለሁለት ቀን ብትሄዱ በመጀመሪያው ብስክሌቱን፣ በሁለተኛው ጀልባውን አድርጉት፤ ከተማዋ አትሮጥም፣ እናንተም አትሩጡ።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ፤ ቤታችሁም እንደዚያ ሐይቅ መውጫው የተሰወረ፣ ውኃው የጣፈጠ ይሁን።